እረኛው ከኋላ ነው

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው ጎዳና ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ የተጓዘ ሰው በጎቹን ሳያይ አያልፍም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱን ተከትሎ የገብስ ማሳና የድንች እርሻ፣ የቀርከሃ ጓሮ፣ ገበሬው ለከሰል ብሎ የተከለው የዲከረንስ ደን ተራ በተራ ይታያል። በዚህ ሁሉ መሐል ጠጉሩ አጭር፣ መልኩ ቀይ ዳማ፣ ላቱ ሰፊ፣ ቀንድ የሌለው በግ እየተግተለተለ ወደ ግጦሽ ይወጣል፤ ከግጦሽ ይመለሳል። ዋሸራ ይሉታል። የዳንግላ በግ የሚሉትም አሉ።

እነዚህን መንጋዎች ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። እረኛው ከመንጋው ፊት የለም። ከፊት አውራው በግ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ብርቱዎቹ፣ ከብርቱዎቹ ቀጥሎ ግልገል የሚከተላቸው እናቶች፣ ከሁሉ በኋላ ያነከሰችው፣ ያረጀችው፣ የታመመችው። ከእነርሱም በኋላ ሽመሉን በትከሻው ያጋደመ እረኛ።

ዛሬ የምነግራችሁ ምሳሌ ከዚህች ትዝብት የተወለደ ነው። በምሳሌው ውስጥ ያሉት ሰዎች ስም የላቸውም። የደከመ ሁሉ የራሱን ስም እንዲያስገባበት ብዬ ቦታውን ክፍት ትቼዋለሁ።

*

በባንጃ ደጋ፣ ውርጭ በሚመታው ከፍታ ላይ፣ አንድ ፈረሰኛ ነበሩ።

የፈረስ ነገር በአዊ ምድር ቀላል አይደለም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት በዓድዋና በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን የዘመቱትን ሰዎች፣ ከሰዎቹም ጋር የወደቁትን ፈረሶች ለማሰብ ነበር። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት ተገኘ፤ የማኅበሩም በዓል በየዓመቱ ጥር 23፣ በዚያው በጊዮርጊስ ዕለት ይውላል። ያን ቀን እንጅባራ ላይ ምድር በኮቴ ትናወጣለች።

የምሳሌያችን ፈረሰኛ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያን በዓል አንድም ዓመት አጉድለው አያውቁም። ዳማ ፈረሳቸውን ግላስ አልብሰው፣ ልጓሙን አሳምረው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ወጣቱ መንገድ ይለቅላቸው ነበር። በሽምጥ ግልቢያ የሚቀድማቸው፣ በጉግስ የሚገጥማቸው ጥቂት ነበር። ሰው ሲያመሰግናቸው «የእርሳቸውን ፈረስ ጭራ ያላየ ማን አለ?» ይል ነበር።

እርሳቸውም ሳያውቁት አንድ እምነት በልባቸው በቀለ። የእግዚአብሔር በረከት ያለው ከፊት ነው ብለው አመኑ። ቀድሞ የደረሰ ይባረካል፤ ወደ ኋላ የቀረ ተረስቷል። ታቦት ሲወጣ ከፊት፣ ደቦ ሲጠራ ከፊት፣ ለቅሶ ሲደረስ ከፊት ሆኑ። ክፋት አልነበረባቸውም። ሆኖም ከኋላቸው ማን እንዳለ ለማየት አንገታቸውን ያዞሩበት ቀን አልነበረም። ሽምጥ የሚጋልብ ሰው ወደ ኋላ አያይም።

አንድ ማለዳ ፈረሳቸውን ሊጭኑ ሲነሡ ግራ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ግራ እግራቸውም እጃቸውን ተከተለ። በመኪና ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ፤ ነፍሳቸው ተረፈች፤ አንደበታቸውም ተመለሰ። እግራቸው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። በምርኩዝ አንድ እርምጃ ይራመዳሉ፤ ይቆማሉ፤ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፤ ሌላ እርምጃ ይራመዳሉ። ቀድሞ ፈረሳቸው ላብ ሳያወጣ የሚደርሱበት ደብር የግማሽ ቀን ጉዞ ሆነባቸው።

ጎረቤቶቻቸው ደጋግ ሰዎች ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤቱን ጠያቂ ሞላው። ከዚያ እርሻው ደረሰ፣ አረሙ ደረሰ፣ አጨዳው ደረሰ። ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሄደ። እርሳቸው ደጃፍ ላይ፣ የቀርከሃ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ቤተ ክርስቲያን መሳለምንም ተዉ። «ሕዝቡ ሲመለስ እኔ ገና ስሄድ መንገድ ላይ መገናኘት ምን ያደርግልኛል?» አሉ። ሌሊት ግን፣ ቤተሰቡ ሲተኛ፣ ለማንም ያልነገሩትን ነገር ለራሳቸው ይናገሩ ነበር፦ «እግዚአብሔር ከፈረሰኞቹ ጋር ፊት ፊት ሄዷል። እኔ ቀርቻለሁ።»

*

ፈረሰኛው አንዲት የልጅ ልጅ ነበረቻቸው። ዕድሜዋ 11 ነው። በጠዋት ፈረቃ ትማርና ከሰዓት በኋላ የቤቱን በጎች ትጠብቃለች። በጎቹ 17 ናቸው። ከ17ቱ አንዷ ኮቴዋን ድንጋይ መቷት ታነክሳለች።

የገና ገበያ ሲቃረብ የልጅቱ አባት «ይህችን አንካሳ ዳንግላ ወስጄ ልሽጣት። መንጋውን ሁሉ ታዘገያለች» አለ። የልጅቱ ዓይን እንባ አቀረረ። አያቴ ይሟገቱልኛል ብላ ወደ እርሳቸው ዞረች። ፈረሰኛው ዓይናቸውን ምርኩዛቸው ላይ ጣሉና፣

«ልክ ነው። ደካማ ሸክም ነው፤ ይሸጥ» አሉ።

ስለ በጓ ብቻ እንዳልተናገሩ ቤተሰቡ ሁሉ ገባው። ልጃቸው ደንግጦ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ሽያጩ ማንም አላነሣም፤ በጓም ከመንጋው ጋር ቀረች።

በማግስቱ አመሻሽ ፈረሰኛው ደጃፍ ተቀምጠው መንጋው ሲገባ አዩ። ዘወትር የሚያዩት አውራውን በግ ነበር፤ እርሱ ብቅ ሲል «ገቡ» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። የዚያን ዕለት ግን ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ ቆዩ። አውራው ገባ፤ ብርቱዎቹ ገቡ፤ እናቶችና ግልገሎቻቸው ገቡ። ከዚያ መንገዱ ባዶ ሆነ። አንድ ጀበና ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ ያህል ቆይቶ ያቺ አንካሳ ብቅ አለች፤ ልጅቱም ከአጠገቧ። በአዊኛ ቀስ እያለች ታወራታለች። በጓ ስትቆም ትቆማለች፤ በጓ ስትራመድ ትራመዳለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የጋጡ በር ተከፍቶ ነበር። 17ኛዋ ስትገባ ልጅቱ መወርወሪያውን ወረወረችው።

«እናቴ፣ ነይ እስቲ» አሏት። «እረኛ መሪ አይደለም እንዴ? ለምን ከፊት አትሆኚም?»

ጥያቄው ገረማት። «ከፊት ያሉትማ መንገዱን ያውቁታል አባባ። ጅብ የሚነጥቀው ከኋላ ያለችውን ነው።»

«ከዚህች ጋር ቀኑን ሙሉ ስትጎተቺ አይሰለችሽም?»

«ከሁሉም አብልጬ የማውቃት እሷን ነው። ብርቱዎቹ ሮጠው ይሄዳሉ፤ የማየው ጀርባቸውን ነው። እሷ ግን አጠገቤ ናት።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፦ «በግ ደግሞ ሕመሟን ትደብቃለች አባባ። እስክትወድቅ ድረስ ከመንጋው ጋር ደህና መስላ ትሄዳለች። እኔ ከኋላ ባልሆን ማን ያይላታል?»

ሽማግሌው መልስ አልሰጧትም። ምርኩዛቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ፤ ያንኑ ደጋግመው አደረጉ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

*

ታኅሣሥ 23 ደረሰ። የወሩ ጊዮርጊስ ነው። ሳምንቱም የራሱ ስም አለው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከልደት በፊት ያሉትን ሦስት ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ብላ ትሰይማቸዋለች፤ ከታኅሣሥ 21 እስከ 27 ያለው ኖላዊ ነው። ኖላዊ በግእዝ እረኛ ማለት ነው። እረኛ ያጣ መንጋ እረኛውን ሲናፍቅ የኖረበት ዘመን የሚታሰብበት ሳምንት ነው።

በዚያ ዕለት ፈረሰኛው «ደብር እሄዳለሁ» አሉ። ልጃቸው ሊያጅባቸው ሲነሣ ተቆጡ። «ብቻዬን እሄዳለሁ። ሕፃን አደረጋችሁኝ እንዴ?» ጾመ ነቢያት ነውና ቅዳሴው የሚገባው ቀትር ላይ ነው። ገና በማለዳ ተነሥተው፣ መንገድ ላይ እየተቀመጡ እየተነሡ፣ ደረሱ። ቅጽረ ግቢው ውስጥ አንድ ዲያቆን መቋሚያ አቀበላቸው። በጉብዝናቸው ዘመን መቋሚያን የሚያውቁት በበዓል ቀን መዘምራን ለዝማሜ ሲያነሡት ነበር። አሁን ብብታቸው ሥር አስገብተው ክብደታቸውን ሲጥሉበት፣ ይህ ዘንግ ለካ ለደካማም ነው የተሠራው አሉ። ግድግዳው ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ተቀምጦ አዩት። «አንተስ ዛሬም ከፈረስህ አልወረድክም» አሉት በልባቸው፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ካህኑ በትምህርቱ መልካሙ እረኛ በጎቹን በየስማቸው እንደሚጠራ፣ ፊት ፊታቸው እንደሚሄድ፣ በጎቹም ድምፁን ዐውቀው እንደሚከተሉት ከዮሐንስ ወንጌል አስረዳ። ፈረሰኛው «ፊት ፊታቸው» የሚለውን ሲሰሙ የልጅ ልጃቸው የሰጠቻቸው ጥቂት ተስፋ ከእጃቸው ወደቀ። «አላልኩም? ከፊት ነው ያለው» አሉ።

ቅዳሴው ዘጠኝ ሰዓት ላይ አበቃ። ሕዝቡ ወደየቤቱ አቀና። ፈረሰኞች በሶምሶማ ደረሱባቸውና ልጓም ያዝ አድርገው «አባባ፣ እንዴት ዋሉ? ፈረስ ላይ እናውጣዎት?» አሉ። እርሳቸው ምርኩዛቸውን ከፍ አድርገው «እናንተ ሂዱ፤ ዐረፍ ብዬ እመጣለሁ» አሉ። ፈረሰኞቹ አለፉ። እግረኞቹ አለፉ። ልጅ ያዘሉ ሴቶች አለፉ። በዱላ የሚሄዱ አሮጊቶች ሳይቀሩ አለፏቸው። ለጠየቃቸው ሁሉ «ደህና ነኝ» አሉ። ፀሐይ ከዲከረንሱ ደን ጀርባ ስታዘቀዝቅ መንገዱ ላይ የቀሩት እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

ጅረቷን ለመሻገር ቁልቁለቱን ሲወርዱ ምርኩዛቸው ጠጠር ላይ ተንሸራተተ። ወደቁ። ለመነሣት ሞከሩ፤ ግራ ጎናቸው እንደ ግንድ ከበዳቸው። ለመጮኽ አሰቡ፤ አፈሩ። ሀገር የሚያውቃቸው ፈረሰኛ አፈር ላይ ተዘርረው «ድረሱልኝ» ይበሉ? ዝም ብለው ተጋደሙ። ሰማዩ ጥርት አለ፤ የመጀመሪያዋ ኮከብ ወጣች። በዚያ ደጋ በታኅሣሥ ጥርት ያለ ሌሊት ውርጭ ያወርዳል፤ እርሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ከወንዙ በታች ጅብ ጮኸ።

«ጌታዬ፣ ሁሉም አለፈኝ» አሉ። «አንተም አለፍከኝ?»

ያን ጊዜ ኮቴ ሰሙ።

መንጋ ነው። አውራው በግ ደርሶ አሸተታቸውና ዞሯቸው አለፈ። ብርቱዎቹ አለፉ። እናቶቹ አለፉ፤ ግልገሎቻቸውም እየዘለሉ አለፉ። ፈረሰኛው እንደተጋደሙ ሳያስቡት ቆጠሩ። 16 ሆኑ። ሁሉም ጥለዋቸው ሄዱ፤ ኮቴው እየራቀ እየራቀ ጠፋ።

16! ያቺ 17ኛዋ አላለፈችም። 17ኛዋ ካላለፈች ደግሞ…

ልባቸው በደረታቸው ውስጥ እንደ ድሮ ፈረሳቸው ዘለለ። እረኛዋ ገና ናት። ከኋላ ናት። ከወደቁበት ሥፍራ ወደዚያ ማዶ ሆና እየመጣች ነው፤ ይህችን መንገድ ሳትረግጥ ደግሞ ቤት አትገባም።

ጥቂት ቆይቶ አንድ የሚያነክስ ኮቴ መጣ፤ ከኮቴውም ጋር በአዊኛ የሚያባብል የሕፃን ድምፅ።

«አባባ! ወድቀው ነው?»

«ወድቄ ነው፣ እናቴ።»

ከታመሙ ጀምሮ ይህን ቃል ለሰው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ልጅቱ ልታነሣቸው ታገለች፤ አልቻለችም። ሮጣ ሰው ልትጠራ ተነሣች፤ ጅቡ ዳግመኛ ሲጮኽ ግን ተመለሰች። ጣቷን ወደ አፏ አስገብታ አፏጨች። ርቆ የሄደው አውራ በግ ፉጨቷን ዐውቆ ዞረ፤ መንጋውም ተከተለው። በጎቹን በሽማግሌው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሲግጡ የዋሉ በጎች ናቸውና አንድ አንድ እያሉ ተኙ። አንካሳዋ ራሷ መጥታ ከደረታቸው ተጠጋች። ልጅቱ ነጠላዋን አለበሰቻቸውና ሽመሏን ይዛ በራስጌያቸው ተቀመጠች። ጅቡ በቀረበ ቁጥር ትጮኻለች፤ ድንጋይ ትወረውራለች። የበጎቹ ትንፋሽና ሙቀት ውርጩን መለሰው። ፈረሰኛው ቀኝ እጃቸውን በአንካሳዋ ጠጉር ላይ አድርገው፣ «ሸክም ነሽ ብዬሽ ነበር» አሏት።

መንጋ ሲዘገይ ባላገር እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ብዙም ሳይቆይ በማዶ የባትሪ ብርሃን ወዲያና ወዲህ ሲል ታየ። ልጅቱ ጮኸች። አባቷና ጎረቤቶቹ እየሮጡ ደረሱ፤ በሶምሶማ ያለፏቸው ፈረሰኞችም ከመካከላቸው ነበሩ። ከደኑ ሁለት ዘንግ ቆርጠው፣ ጋቢያቸውን አስረው፣ ቃሬዛ ሠሩ። ሽማግሌውንም በአራት ትከሻ አነሧቸው። ዘመናቸውን ሁሉ በፈረስ ጀርባ የተጓዙት ሰው በጎረቤት ትከሻ ላይ ሆነው ኮከቡን እያዩ አለቀሱ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ከፊት ባትሪ የያዘው፣ ከባትሪው ቀጥሎ ቃሬዛው፣ ከቃሬዛው ቀጥሎ መንጋው፣ ከመንጋው ቀጥሎ አንካሳዋ። ከአንካሳዋም በኋላ ልጅቱ።

*

በገና ማግስት የንስሐ አባታቸው ሊጠይቋቸው መጡ። ጸሎት ካደረሱ በኋላ ፈረሰኛው እንዲህ አሉ፦

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልቤን ይዞታል። ወንጌሉ እረኛው ፊት ፊት ይሄዳል ይላል። እኔን ያገኘችኝ እረኛ ግን ከኋላ ነው የመጣችው። ጌታ ከፊት ነው ያለው ወይስ ከኋላ?»

ቄሱ መስቀላቸውን እያገላበጡ ጥቂት ዝም አሉ።

«ከፊትም ከኋላም ነው። ከፊት የሄደው መንገዱን ሊያቀናልን ነው። ቀድሞን በበረት ተወለደ፤ ቀድሞን ተራበ፣ ደከመ፣ አለቀሰ፤ ቀድሞን መቃብር ገባ። እንግዲህ እኛ የምንገባበት ጨለማ ሁሉ እርሱ አስቀድሞ የገባበት ነው። ከኋላ የሚሄደው ደግሞ የወደቀውን ሊያነሣ ነው። የሰው እረኛ ያለው በአንድ ሥፍራ ብቻ ነው፤ ከፊት ቢሆን ኋላው ይጎድልበታል፣ ከኋላ ቢሆን ፊቱ። ለጌታ ግን የሚጎድልበት የለም። ዳዊት ከመንገሡ በፊት የአባቱን በጎች ይጠብቅ ነበርና ይህን ያውቃል፤ እግዚአብሔር ከፊትም ከኋላም እንደያዘው የዘመረው ለዚህ ነው። ሊቃውንቱም የመቶውን በግ ምሳሌ ሲተረጉሙ ዘጠና ዘጠኙን በመላእክት፣ የጠፋችውን በአዳም ይመስሏታል። መላእክት ብርቱዎች ናቸው፤ ጌታ ግን የወረደው ወደ ደካማው ነው።»

ፈረሰኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገር ግን ከዚህ የከበደ ሌላ ጥያቄ ነበራቸው።

«ታዲያ አባቴ፣ ከኋላዬ ከነበረ ሳልወድቅ ለምን አልያዘኝም? ይህ በሽታስ ለምን መጣብኝ?»

ቄሱ ወደ ጋጡ አመለከቱ። አንካሳዋ በግ ገለባ ታመነዥካለች፤ ልጅቱ ከጎኗ ተቀምጣ ደብተሯን ታነባለች።

«ድንጋዩ ኮቴዋን ለምን እንደመታት ያቺ በግ አታውቅም። ማን አጠገቧ እንዳለ ግን ታውቃለች። ለጊዜው እርስዎም ይህን ይወቁ፤ የቀረውን እርሱ ራሱ በጊዜው ይነግርዎታል።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ወደ ጋጡ ሲያዩ ቆዩ። እግራቸው አልዳነም። ያን ሌሊት ግን ታመው ከተኙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይባንኑ አደሩ።

*

ጥር 23 ደረሰ። ዳማውን ፈረስ ልጃቸው ጫነው። ፈረሰኛውን በባጃጅ ወደ እንጅባራ ወሰዷቸው። ለአረጋውያን ፈረሰኞች ከፊት የክብር መቀመጫ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ወጣቶቹ ሊያስቀምጧቸው ሲሉ «እኔን ከኋላ አድርጉኝ፣ ልጆቼ» አሉ። የቀርከሃ ወንበራቸውን ከሜዳው ጫፍ፣ ፈረሶቹ ከሚነሡበት በኩል አኖሩላቸው።

ሽምጡ ሲጀመር የሕዝቡ ዓይን ሁሉ ወደ ፊት ሄደ። እልልታው፣ አቧራው፣ ፉከራው ሁሉ ከፊት ነበር። እርሳቸው መነሻውን ያዩ ነበር። አንድ ጎረምሳ ፈረሱ አልሄድለት ብሎ፣ አፍሮ፣ ሊያለቅስ ደርሶ ብቻውን ቀርቷል። ማንም አላየውም። በምርኩዛቸው ጠሩት።

«ና ልጄ። ፈረስህ ደከመ?»

«ደከመ፣ አባባ።»

«አንተስ?»

ጎረምሳው ደህና ነኝ ሊል አፉን ከፈተ። የሽማግሌውን እግር አየ፤ ፊታቸውን አየ። «እኔም ደክሞኛል» አለ።

«እንግዲያው ልጓሙን ያዝ፤ አብረን በእግራችን እንሂድ። እኔም ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።»

ከሁሉ በኋላ፣ አቧራው ከረጋ በኋላ፣ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ጎረምሳና አንድ የደከመ ፈረስ ሜዳውን ሲያቋርጡ ያየ ሰው አለ። የልጅ ልጃቸው ናት። ከኋላቸው ትከተላቸው ነበር።

*

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። ለእናንተ ግን የምለው አለኝ።

ሕመም አልጋ ላይ ያዋላችሁ፣ እኩዮቻችሁ አልፈው እናንተ ፈተና የወደቃችሁ፣ ልጃችሁ ሩቅ ሀገር ሄዶ ድምፁ የጠፋባችሁ፣ የምትጸልዩበት ቃል እንኳ ያለቀባችሁ፣ አንድ ነገር ስሙኝ። ከኋላ መቅረታችሁን ከእግዚአብሔር መራቅ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ከመንጋው ሁሉ ለእረኛው ቅርብ የሆነችው ኋለኛዋ በግ ናት። ብርቱዎቹ ድምፁን ከሩቅ ይሰማሉ፤ ትንፋሹን የምትሰማው እሷ ናት። ያለፏችሁን ኮቴዎች እየቆጠራችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የመጨረሻው ኮቴ ገና አልመጣም።

ሕመማችሁንም አትደብቁ። ፈረሰኛው «ደህና ነኝ» እያሉ ያሳለፏቸው ሰዎች ሁሉ ሊሸከሟቸው የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻም የተሸከሟቸው እነዚያው ናቸው። «ወድቄአለሁ» ማለት እምነት ማጣት አይደለም። ለንስሐ አባታችሁ በሉት፤ ለጎረቤታችሁ በሉት፤ ለሐኪም በሉት። ከሁሉ አስቀድማችሁ ከኋላችሁ ለሚመጣው በሉት።

እናንተ ዛሬ ከፊት ያላችሁ፣ ጉልበታችሁ የጸና፣ ፈረሳችሁ ያልደከመ፣ አመሻሽ ላይ ልጓማችሁን ያዝ አድርጋችሁ አንገታችሁን አዙሩ። «ደህና ነኝ» ያላችሁን ሰው ዳግመኛ ጠይቁት። መንጋችሁ ስንት እንደሆነ ቁጠሩ። 16 ገብተው ከሆነ መወርወሪያውን ለመወርወር አትቸኩሉ።

እረኛው አልቸኮለም። 17ኛዋ ሳትገባ በሩ አይዘጋም።